ዓይን ያየውን ሁሉ ልብ አይዝም
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የሳይንስ ክበብ አባሎች ያሰሙት ንግግር)



ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል በምናከብርበት በዛሬው ቀን የሳይንስ ክበባችን አንድ ትምህርታዊ ንግግር እንዲያቀርብ ስለ ተፈቀደለት፥ በየቀኑ ከሁላችንም ጋር ስለሚኖር ነገር ግን ብዙ ሰው ልብ ስለማይለው ጉዳይ ለመናገር አስበናል። ጉዳዩም የሚከተለው ጥያቄ ነው፤ ሰው በዓይኑ አንድ ጊዜ ያየው ነገር ከፊቱ ከተነሣ በኋላ፥ ካየው ውስጥ ለጥቂት ሴኮንዶች በአእምሮው ይዞ ለመቆየት የሚችለው ምን ያህሉን ነው?

መልሱን ሳናዘገይ እንናገር። የሚይዘው እጅግ ጥቂት ነው። ብዙ ሊቃውንት እንደ መረመሩት፥ ቀለል ያሉ ነገሮችን እንኳ ቢሆን ከሦስት ወይም ከአራት ብዙም አያልፍም። ይህም የሰነፍ ሰው ወይም የሕፃን ልጅ ጉድለት አይደለም፤ የሰው ልጅ ሁሉ የተፈጥሮ ወሰን ነው።

ይህ ወሰን ካልታወቀ ሦስት ዓይነት በደል ይደርሳል። መጀመሪያ፥ ከሰሌዳ ላይ ቶሎ መገልበጥ ያቃተው ልጅ ሰነፍ ተብሎ ይሰደባል፤ አንዳንድ ጊዜም ይገረፋል። ሁለተኛ፥ ያየውን በቅንነት የተናገረ ምስክር ከሌላው ምስክር ቃል ጋር አልገጠመም ተብሎ ሐሰተኛ ይባላል። ሦስተኛ፥ ሹፌር ሁሉን አይቻለሁ ብሎ በዓይኑ ተማምኖ ሲነዳ የሰው ነፍስ ይጠፋል። ስለዚህ ነገሩ የመጻሕፍት ክርክር ብቻ ሳይሆን የፍርድና የሕይወት ጉዳይ ስለ ሆነ በትዕግሥት እንድታዳምጡን እንለምናለን።

ማየትና መያዝ

ለዚህ ነገር ምሳሌ ለመፈለግ ከከተማችን መውጣት አያስፈልግም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰው ሁሉ የጣራውን ሥዕል ያውቀዋል። ከመቶ በላይ የሆኑ የመላእክት ፊቶች ከነክንፋቸው በመስመር በመስመር ተሥለው ወደ ታች ይመለከታሉ። በሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ቀርቦ ለመረመራቸው ግን የአንዱ ፊት ከሌላው በጥቂቱ ይለያል። አሁን አንድ ሰው ቀና ብሎ ለአንድ አፍታ ከተመለከተ በኋላ ዓይኑን ይጨፍንና፥ «በሦስተኛው ረድፍ አራተኛው መልአክ ዓይኑን ወዴት አድርጎ ነበር?» ተብሎ ይጠየቅ። መልስ የለውም። ነገር ግን «ጣራውን በሙሉ አይተሃልን?» ቢሉት «አዎን፤ አይቻለሁ» ይላል። ዋሽቷልን? አልዋሸም። አይቶታል፤ ግን አልያዘውም። ማየት ሌላ ነው፤ መያዝ ሌላ ነው።

የሥነ ልቡና ሊቃውንት ይህን ነገር በሦስት ደረጃ ከፍለው ያስረዳሉ። የመጀመሪያው ዓይን የተቀበለው ሥዕል ነው፤ ይህ ሰፊና ሙሉ ነው፤ ዳሩ ግን አንድ ሴኮንድ እንኳ ሳይሞላ እንደ ጉም ይበናል። ሁለተኛው የአጭር ጊዜ ትውስታ ነው፤ ከዚያ ከሚበነው ሥዕል ውስጥ ጥቂቱን ለቅሞ ለጥቂት ሴኮንዶች ይይዛል። ሦስተኛው የረጅም ጊዜ ትውስታ ነው፤ ይህ ለብዙ ዓመታት የሚቆየው ዕውቀት ነው።

ነገሩን ለማቅለል ጎተራን እናስብ። የጎተራው ሆድ ሰፊ ነው፤ አፉ ግን ጠባብ ነው። ሆዱ ምን ያህል ሰፊ እንደ ሆነ ለማወቅ፥ ላዮኔል ስታንዲንግ የተባለ ተመራማሪ በ1973 (እዚህም ሆነ ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው የምርምር ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለሰዎች በተከታታይ ቀናት 10,000 ሥዕሎችን አሳይቶ፥ በኋላ አንድ የታየና አንድ ያልታየ ሥዕል ጐን ለጐን እያደረገ ቢጠይቃቸው፥ ከመቶው በሰማንያ ሦስቱ ያህል የታየውን ለይተው አወቁ። እንግዲህ ሰው ዐሥር ሺህ ሥዕል በጎተራው ለማኖር ሲችል፥ በአንድ ጊዜ በአፉ የሚያልፈው አራት ያህል ብቻ መሆኑ እጅግ የሚያስደንቅ ነው።

ወሰኑ እንዴት ታወቀ

ገበጣ የተጫወተ ልጅ ሁሉ የዚህን ነገር መጀመሪያ ሳያውቀው ያውቀዋል። በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ጠጠር ሲኖር ማንም አይቈጥርም፤ ዓይን እንዳረፈ ቍጥሩ ይታወቃል። ጠጠሮቹ ሰባት ወይም ስምንት ሲሆኑ ግን ተጫዋቹ ጐንበስ ብሎ በጣቱ እየለየ ይቈጥራል።

ዊልያም ስታንሊ ጄቮንስ የተባለ እንግሊዛዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ይህንኑ ነገር በ1871 በምርመራ አረጋገጠ። የባቄላ ፍሬ በእጁ ዘግኖ ወደ ትንሽ ሣጥን ይወረውርና፥ ፍሬው እንደ ረጋ ሳይቈጥር ቍጥሩን ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ቈጥሮ ያመሳክራል። እንዲህ እያደረገ ከሺህ ጊዜ በላይ ሞከረ። ሦስትና አራት ፍሬ ሲሆን አንድ ጊዜ እንኳ አልተሳሳተም። አምስት ሲሆን አልፎ አልፎ ይሳሳት ጀመር፤ ከዚያም ፍሬው በበዛ መጠን ስሕተቱ እየበዛ ሄደ። ወላጆቻችን ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ጥቂት ሽምብራ በሰፌድ ላይ በትናችሁ ይህንኑ ብትሞክሩ፥ ያለ ምንም መሣሪያ የአንድ ታላቅ ሊቅን ምርመራ ከልጆቻችሁ ጋር ለመድገም ትችላላችሁ።

ከጄቮንስ በኋላ ብዙ ዘመን አልፎ፥ በ1960 ጆርጅ ስፐርሊንግ የተባለ አሜሪካዊ ሌላ ብልኀት አመጣ። ዐሥራ ሁለት ፊደሎችን በሦስት ረድፍ፥ በእያንዳንዱ ረድፍ አራት አራት አድርጎ፥ ለሴኮንድ አንድ ሃያኛ ያህል ብቻ አሳየ። ሰዎቹ ያዩትን እንዲናገሩ ቢጠየቁ አራት ወይም አምስት ፊደል ብቻ ተናገሩ። ነገር ግን ሁሉም «ከዚህ የበለጠ አይተን ነበር፤ ስንናገረው ጠፋብን» አሉ። ስፐርሊንግ ይህን ቃል አልናቀም። ፊደሎቹ እንደ ጠፉ ወዲያው ድምፅ አሰማ፤ ድምፁ ቀጭን ከሆነ የላይኛውን ረድፍ፥ መካከለኛ ከሆነ የመካከለኛውን፥ ወፍራም ከሆነ የታችኛውን ረድፍ ብቻ እንዲናገሩ አዘዘ። ሰዎቹ የትኛው ረድፍ እንደሚጠየቅ አስቀድመው ሳያውቁ ከአራቱ ሦስቱን ያህል ተናገሩ። ይህ ማለት ከዐሥራ ሁለቱ ዘጠኝ ያህሉ ለዚያች ቅጽበት በውስጣቸው ነበረ ማለት ነው። ድምፁ እስከ አንድ ሴኮንድ ድረስ ሲዘገይ ግን ትርፉ ሁሉ ጠፋ። ስለዚህ ሰዎቹ እውነታቸውን ነበር፤ አይተዋል፤ ነገር ግን ተናግረው ሳይጨርሱ ሥዕሉ በኖባቸዋል።

ፊደል ግን ስም ስላለው ሰው በልቡ እየጠራ ሊይዘው ይችላል። ዓይን ብቻውን የሚይዘውን ለመለየት ስቲቨን ላክና ኤድዋርድ ቮገል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1997 ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸውን ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ለሴኮንድ አንድ ዐሥረኛ ያህል አሳዩ፤ አንድ ሴኮንድ ላልሞላ ጊዜ ባዶ ካደረጉ በኋላ መልሰው እያሳዩ «አንዱ ቀለም ተለውጧል ወይስ አልተለወጠም?» ብለው ጠየቁ። አራት ማዕዘኖቹ እስከ ሦስት ሲሆኑ ሰዎቹ ከሞላ ጐደል አልተሳሳቱም፤ ከአራት ጀምሮ ግን ቍጥሩ ሲጨምር መልሳቸው እየደከመ ሄደ። በ2004 ደግሞ ቮገልና ባልደረባው ማቺዛዋ በራስ ላይ በሚደረግ መሣሪያ የአንጎልን የኤሌክትሪክ ኃይል ሲለኩ፥ የሚያዘው ነገር ቍጥር በጨመረ ጊዜ ኃይሉ አብሮ ይጨምርና፥ የሰውየው ወሰን ላይ ሲደርስ ከዚያ በላይ መጨመሩን ያቆማል። የዚያ ወሰን ልክ ከሰው ሰው መጠነኛ ልዩነት አለው። ልጆችም ከዐዋቂዎች ያነሰ ይይዛሉ፤ እያደጉ ሲሄዱ ይጨምርላቸዋል።

ሊቃውንቱ ሁሉ በአንድ ቃል ተስማምተዋል ማለት ግን አይደለም። አንዳንዶቹ «ወሰኑ እንደ አራት መደርደሪያ ነው፤ አምስተኛው ቦታ የለውም» ሲሉ፥ ሌሎቹ ደግሞ «እንደ አንድ እንሥራ ውሃ ነው፤ ለብዙ ሰው ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው እያነሰ ይሄዳል እንጂ ባዶውን የሚቀር የለም» ይላሉ። የሚታየው ነገር ቅርጹ የተወሳሰበ ሲሆን በአንድ ጊዜ የሚያዘው ከአራትም እንደሚያንስ ታይቷል። ያም ሆነ ይህ፥ ወሰኑ ጠባብ ለመሆኑ ተከራካሪ የለም።

ለምን አይሰማንም

አድማጮቻችን፥ «ይህ እውነት ከሆነ በየቀኑ እንዴት ሳናውቀው እንኖራለን? እኛ ሁሉን የምናይ ይመስለናል እኮ» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ያላየነውን ነገር ለማወቅ ስንፈልግ ዓይናችንን መልሰን ወደዚያ እንልካለንና ወዲያው እናገኘዋለን። ዓለሙ ራሱ እንደ ደብተር ተዘርግቶ ይቆየናል። ስለዚህ በደብተሩ ላይ ያለው ሁሉ በልባችን ያለ ይመስለናል።

ደብተሩ ሳናውቅ በተለወጠ ጊዜ ግን ጉዳችን ይወጣል። ሳይመንስና ሌቪን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1998 ያወጡት ምርመራ ሲነገር ቀልድ ይመስላል። አንድ ሰው በመንገድ የሚያልፈውን መንገደኛ አስቁሞ አቅጣጫ ይጠይቀዋል። ሲነጋገሩ ሁለት ሰዎች ትልቅ የእንጨት መዝጊያ ተሸክመው በመካከላቸው ያልፋሉ። በዚያች ቅጽበት ጠያቂው ከመዝጊያው በስተጀርባ ከተሸካሚዎቹ ከአንዱ ጋር ይለዋወጣል፤ መልኩም ልብሱም ሌላ የሆነ ሰው ቆሞ ጥያቄውን ይቀጥላል። ከዐሥራ አምስቱ መንገደኞች ግማሽ ያህሉ የሚያነጋግሩት ሰው መለወጡን ሳያስተውሉ አቅጣጫውን ማስረዳታቸውን ቀጠሉ። አባቶቻችን «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ያሉት እንዲህ ያለውን ነገር ነው።

ነዶ የማሰር ብልኀት

እንግዲህ የጎተራው አፍ ጠባብ ከሆነ ሰው እንዴት ይህን ሁሉ ዕውቀት ያከማቻል? መልሱን ከገበሬ እንማር። አንድ ሰው የታጨደ ስንዴ አንድ በአንድ በእጁ ቢይዝ ጥቂት ዛላ ብቻ ይይዛል፤ በነዶ ቢያስረው ግን አንዱ ነዶ ብዙ ዛላ ይዞ ይነሣል። እጁ አልሰፋም፤ የሰፋው እስሩ ነው። አእምሮም እንዲሁ ነው። በአንድ ጊዜ የሚይዘው አራት ነገር ቢሆንም፥ አንዱ ነገር ምን ያህል እንደሚያህል የሚወሰነው አስቀድሞ በተገኘው ዕውቀት ነው።

ይህን አሁኑኑ እንፈትን። በዚህ ሰሌዳ ላይ ስምንት ፊደሎች ጽፈን ለአንድ አፍታ እንገልጣቸዋለን፦ ተ ር በ ማ ን ከ ጎ ደ። ሸፍነናቸዋል። ስንቶቻችሁ ስምንቱንም በተራ ለመናገር ትችላላችሁ? አሁን ደግሞ እነዚያኑ ስምንት ፊደሎች ሳንጨምርና ሳንቀንስ ቦታቸውን ብቻ ለውጠን እንጽፋቸዋለን፦ በጎንደር ከተማ። ይህን ለመያዝ የሚቸገር የለም። ፊደሎቹ ያው ስምንት ናቸው፤ ሸክሙ ግን ከስምንት ወደ ሁለት ነዶ ወረደ። ማንበብ ለማያውቅ ሰው ግን ሁለቱም ጽሕፈቶች አንድ ናቸው፤ መስመርና ጭረት ብቻ ናቸው። እንግዲህ ልዩነቱን ያመጣው ዓይን ሳይሆን ትምህርት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ሰንጠረዥ ነው። የአገራችን የቀድሞ ሰንጠረዥ «ወረራ» የሚባል አጀማመር ነበረው፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሱ ነበር። ስለዚህ ተጫዋቹ የራሱን እየሠራ የባላጋራውን እጅ ለመከታተል ግዴታ ነበረበት። በውጭ አገር ደግሞ ቼዝና ሳይመን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ1973 የሰንጠረዥ አዋቂዎችን መረመሩ። ከሃያ በላይ ጠጠሮች ያሉበትን የእውነተኛ ጨዋታ ገበታ ለአምስት ሴኮንድ አሳይተው ሸፈኑት። ሊቁ ተጫዋች ዐሥራ ስድስት ያህሉን በየቦታቸው መለሰ፤ ጀማሪው አራት ያህል ብቻ መለሰ። ወዲያውም ጠጠሮቹን ያለ ሥርዓት በትነው ቢያሳዩአቸው የሊቁ ብልጫ ጠፋ ለማለት ይቻላል። የሊቁ ዓይን ከጀማሪው ዓይን አልበለጠም ነበር፤ የበለጠው በብዙ ዓመት ጨዋታ ያሰረው ነዶ ነበር።

ሦስተኛው ምሳሌ ከእኛው አገር የቤተ ክህነት ትምህርት የተገኘ ነው። ድጓ የሚማሩ ተማሪዎች በመጽሐፋቸው ላይ ከግዕዙ ቃል በላይ በትንንሹ የተጻፉ ምልክቶችን ያያሉ። ይህ የዜማ ምልክት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፥ ማለት በ16ኛው መቶ ዓመት፥ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ተዘጋጀ ይነገራል። ከነዚህ ምልክቶች ብዙዎቹ አንድ ወይም ሁለት ፊደሎች ናቸው። ፊደሎቹም ዜማው ከታወቀ ቃል ላይ የተወሰዱ ስለ ሆኑ፥ ያልተማረ ሰው ቢያያቸው ከፊደልነት በቀር ምንም አይነግሩትም። በቤተ ልሔም ድጓ የቀጸለ፥ ወይም እዚሁ በጎንደር በአታ አቋቋም የተማረ ሰው ግን ያቺን አንዲት ትንሽ ፊደል እንዳየ ከነመነሻዋና ከነመውደቂያዋ ሙሉ የዜማ ሐረግ ይመጣለታል። አባቶቻችን የዓይንን ወሰን በመሣሪያ አልለኩትም፤ ነገር ግን ወሰኑን የሚሻገሩበትን ድልድይ ከብዙ ዘመን በፊት ሠርተውታል።

ፊደል አስተማሪዎችም ይህን ነገር ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ሕፃኑ ሠላሳ ሦስቱን ፊደል በየሰባት ዓይነቱ፥ በድምሩ 231ን፥ በ«ሀ ሁ» ተራ ከቈጠረ በኋላ «አ ቡ ጊ ዳ» ብሎ በተለወጠ ተራ እንዲቈጥር ይደረጋል። በጆሮው የያዘውን ዜማ እየተከተለ በጣቱ ገበታውን ብቻ የሚነካ እንዳይሆን፥ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ እንዲለይ ነው። በቃሉ መልካም አድርጎ የሚቈጥር ነገር ግን ፊደሉን የማያውቅ ልጅ የሚገኘው አቡጊዳ ላይ ነው።

በዳባት ዙሪያ፥ ወደ ደባርቅም ባለው ደጋ ከብት የሚጠብቅ እረኛም ከዚሁ ትምህርት አይርቅም። ሠላሳ ከብት በአንድ ጊዜ አይቶ አንዱ መጕደሉን የሚያውቀው ዓይኑ ሠላሳ ነገር ስለሚይዝ አይደለም። ቦራውን ከእናቱ ጋር፥ ዳልቻውን ከጥማዱ ጋር፥ ጥጆቹን ከላሞቻቸው ጋር አዛምዶ ስለሚያውቅ ነው። ጥማዱ ያለ ጓደኛው ሲታየው የጠፋው ማን እንደ ሆነ ወዲያው ይገባዋል። የሰው ከብት እንዲጠብቅ በድንገት ቢታዘዝ ግን እርሱም እንደ ማናችንም አንድ፥ ሁለት እያለ ይቈጥራል።

የምንለምነው ነገር

እስካሁን የተናገርነው ለማወቅ ነበር፤ አሁን ወደ ሥራው እንመለስ።

ለመምህሮቻችን፦ ልጅ ከጥቁር ሰሌዳ ሲገለብጥ ቀና ብሎ ያያል፤ ጐንበስ ብሎ ይጽፋል። በአንድ ቀና ማለት የሚያመጣው በሚያውቀው ልክ ነው። የገባውን የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ሁለት ሦስት ቃል በአንድ ጊዜ ያመጣል፤ ያልገባውን የእንግሊዝኛ ቃል ግን ሁለት ሦስት ፊደል ብቻ ያመጣል። ስለዚህ የዘገየው ልጅ ሰነፍ ላይሆን ይችላል፤ ሸክሙ የበዛበት ሊሆን ይችላል። ሰሌዳው ከመጥፋቱ በፊት ጽሑፉ ቢነበብልን፥ አስቸጋሪው ቃል ቢተረጐምልን፥ ረጅሙም ትምህርት በሦስት በአራት ክፍል ተለይቶ ቢጻፍልን፥ አርጩሜ የማያመጣውን ፍጥነት ማስተዋል ያመጣዋል።

ለወላጆቻችን፦ «አሁን አይደለም እንዴ ያሳየሁህ? ዓይንህ የት ነበር?» የሚለው ቃል በየቤቱ ይሰማል። ልጁ አይቷል፤ ነገር ግን አምስተኛው ነገር ሲገባ አንዱ ወጥቶበታል። የልጅ ወሰን ከዐዋቂ ወሰን ያነሰ ስለ ሆነ፥ ሥራን ጥቂት ጥቂት አድርጎ ማሳየትና የታየውን ልጁ በአፉ እንዲመልሰው ማድረግ ከቍጣ ይሻላል። «ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» ተብሏልና።

ለሹፌሮች፦ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ የሚወርድ ሹፌር መስተዋቱን አይቶ ዓይኑን ወደ ፊት ሲመልስ፥ በመስተዋቱ ካየው በልቡ የሚቀረው ጥቂት ነው። በፊቱ ደግሞ አህያ የሚነዳ ገበሬ፥ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች፥ ከታች የሚመጣ የጭነት መኪና አለ። በዚህ ላይ በእጁ ያለውን ስልክ ቢመለከት፥ ያቺ ስልክ ከአራቱ ቦታ አንዱን ትይዛለች፤ ተገፍቶ የሚወጣው ነገር ልጁ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ደጋግሞ ማየት የጥሩ ሹፌር ምልክት ነው እንጂ የፍርሃት ምልክት አይደለም።

ለሽማግሌዎችና ለዳኞች፦ በቅዳሜ ገበያ ጠብ ተነሥቶ ሁለት ምስክሮች ቢቀርቡ፥ አንዱ «የመታው ባለ ነጭ ጋቢው ነው፤ በትሩን ግን አላየሁም» ይላል፤ ሌላው «በትሩን አይቻለሁ፤ የለበሰውን ግን አላስተዋልኩም» ይላል። ሁለቱም እውነተኞች ሊሆኑ ይችላሉ። የጎተራው አፍ ለአንዱ ጋቢውን፥ ለሌላው በትሩን አሳልፏል። በአፉ ያላለፈ ነገር ደግሞ ከዓመት በኋላ በሆዱ ቢፈለግ አይገኝም። ስለዚህ ምስክር ሳይዘገይ፥ ከሌላው ተለይቶ፥ ቃል በአፉ ሳይጨመርበት ቢጠየቅ፥ «አላየሁም» ሲልም ቢታመን ፍርድ ይቃናል። «ሁሉን አይቻለሁ» የሚለው ምስክር ግን ይበልጥ ሊመረመር ይገባዋል።

በመጨረሻም ለእኛ ለተማሪዎች፦ መጽሐፍን ገልጦ ረጅም ሰዓት ማፍጠጥ ትምህርት አይደለም። ገጹ በፊታችን ተዘርግቶ ሳለ ሁሉ በልባችን ያለ ይመስለናል፤ ይህ ግን ደብተሩን ከልባችን ጋር ማሳሳት ነው። አንድ ክፍል አንብበን መጽሐፉን እንዝጋና ያነበብነውን በራሳችን ቃል እንናገር። ያልመጣውን ገልጠን እንይ፤ መልሰን እንዝጋ። አዲሱንም ከምናውቀው ጋር እናስተሳስር። ዐሥር አኃዝ ያለውን የስልክ ቍጥር ሁለት ሁለት ወይም ሦስት ሦስት አድርገን እንደምንይዘው፥ የታሪክ ዘመናትንና የሒሳብ ቀመርን እንዲሁ በነዶ እናድርጋቸው። በጥናት ሰዓትም ስልካችንን ከክፍሉ እናውጣ፤ አራት ሰው በሚያስቀምጥ መደብ ላይ ያልተጠራ እንግዳ አናስቀምጥ።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፤

የዓይን ወሰን ጠባብ መሆኑን ስናውቅ ማዘን አይገባንም። ሁሉን በአንድ ጊዜ የሚይዝ ቢገኝ የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው ለመምረጥ በተቸገረ ነበር። ጥቂት መያዛችን እንድንመርጥ ያስገድደናል፤ መምረጥም የማሰብ መጀመሪያ ነው። የአፉን ጥበት ማንም ሊለውጠው አይችልም፤ ነዶውን ማሳደግ ግን የእያንዳንዳችን ሥራ ነው። ትምህርት ቤትም የተሠራው ለዚህ ነው። በየዓመቱ ከዚህ ግቢ የሚወጣው ተማሪ ዓይኑ ሲገባ ከነበረው አልተለወጠም፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ እይታ የሚያነሣው ነዶ በመምህሮቹ ድካምና በወላጆቹ ትዕግሥት ትልቅ ሆኗል።